ቁልቁለት ሳይወርዱ አይገዛም

እማዋይሽ ከአባቷ የወረሰችው ሙያ በቅሎ መምረጥ ነው። ጎረቤቶቿ በቅሎ ሊገዙ ሲወጡ እሷን ሳያማክሩ አይሄዱም። «በቅሎ በሜዳ አትታይም» ትላቸዋለች፤ «ቁልቁለት ላይ ውረዱባት። ጭቃ ላይ የወደቀ ሰው ተደግፏት ሲነሣ ንቅንቅ ካላለች ግዟት።»

እግሮቿ ከከዷት በኋላ ዊልቸር ልትመርጥ ከባሏ ከዘሩ ጋር ቡሬ ሄደች። ሻጩ ወጣት አንዱን ቀላል ወንበር በሚያብለጨልጨው የሱቁ ወለል ላይ ሽር አደረገላት።

«እናቴ፣ ይኸ በአንድ ጣት ይገፋል።»

«እኔ ደጅ ሴራሚክ አልተነጠፈም፤ ወደ ውጭ አውጣልኝ» አለችው።

ከሱቁ ጀርባ ዝናብ ያራሰው ቁልቁለት አለ። የቀላሉ ወንበር ትናንሽ የፊት ጎማዎች ገና ከመነሻው ጭቃው ውስጥ ተቀበሩ። እማዋይሽ ዞር ብላ ሱቁ ውስጥ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የቆመውን፣ ጎማው የወፈረውን ባለ ሦስት ጎማ ወንበር አየችው።

«እሱ እንኳ ከባድ ነው፤ መልክም የለው» አለ ወጣቱ።

«መልክ ለሙሽራ ነው» ብላ አስወጣችውና ተቀመጠችበት። በእጇ እየነዳች ቁልቁለቱን ወረደች፤ መሀል ላይ ፍሬን ያዘች፤ ወንበሩ ቀጥ አለ።

ዘሩ ግን «ቀስ በይ! ትወድቂያለሽ!» እያለ ከኋላዋ ሲሮጥ አዳለጠውና ጭቃው ላይ ተዘረረ። የወንበሩን መያዣ ጨብጦ፣ ክብደቱን ሁሉ ጥሎበት እያቃሰተ ተነሣ።

ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«ይችን ጫኑልኝ» አለች እማዋይሽ።