ጉሮሮዬ ላይ ያረፈ ዘንግ

«አንቺ ዓሣ አትይዢም» አሉኝ ፊት ለፊቴ። «እጅሽ ያወራል እንጂ አይሰማም።»

ከተዋወቅን ገና ሁለት ሳምንታችን ነበር። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ከእኔ በታች የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ምጽዋ ተወልደው፣ አማርኛውን እዚያው ትምህርት ቤት ለምደው፣ እዚህ በስደት አገር ደግሞ ዕድሜያቸውን በታክሲ ሰው ወደ ኤርፖርት ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጅ ሳሉ ዓሣ የሚይዙት ያለ ማጥመጃ ዘንግ ነበር፤ ክሩን አመልካች ጣታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጀልባ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት ራሱ በር በሩን እያየሁ ነው። እሳቸው መኪናቸውን ሸጠው ስለነበር እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ያስተምሩኛል። ስምምነታችን ይኸው ነበር።

ባስ የሚባለው ዓሣ እንደሌላው አይጎትትም። ይሄን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ዳር ቆሞ ባዶ እጁን ይገባል። ጂግ፣ ማለትም የእርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ፣ ወይም የፕላስቲክ ትል ወደ ታች ትለቂያለሽ፤ መሬት ሲነካ ቀስ እያልሽ ትስቢዋለሽ። ዓሣው መጥቶ እንደ አየር ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ካልጣመው ይተፋዋል። ከዚያ ሁሉ ወደ እጅሽ የምትመጣው አንዲት ጠቅ ብቻ ናት። ዘንግ የሚገዛው ለዚያች ጠቅ ነው።

ቀስ በቀስ እጄ መስማት ጀመረ። ዓይኔን ጨፍኜ የሐይቁን ታች አየዋለሁ። ጭቃው ዝምታ ነው፤ ጠጠሩ ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ይንጣጣል፤ ሣሩ ይዞ ያቆይና ይለቃል። ኮሜርስ ሲቲ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳሽግም ሐይቁ አይለቀኝም። ሲደክመኝ አገጬን የጋሪዬ እጀታ ላይ አሳርፋለሁ። ጋሪው የዕቃ ማመላለሻውን ቀበቶ ተጠግቶ ስለሚቆም ንዝረቱ በብረቱ አልፎ ጥርሴ ድረስ ይመጣል። ያኔ ካርቶኖቹ አረንጓዴ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ እኔ ከታች ሆኜ ሆዳቸውን አያለሁ። ሱፐርቫይዘሯ ስትጠራኝ ነው የምወጣው።

ባለፈው መስከረም እሳቸው ዓሣ መሳት ጀመሩ። ክራቸው ወደ ጎን ሲሄድ እኔ በዓይኔ አያለሁ፣ እሳቸው ግን አይጎትቱም። አንድ ቀን መንጠቆ ጣታቸው ውስጥ ገብቶ፣ ደሙ እየተንጠባጠበ ስለ ድሮ ተሳፋሪዎቻቸው ያወሩኝ ነበር። ቀለድኩባቸው፤ ሳቁ። ዘንጉ አርጅቷል አሉ። እኔም አዎ አርጅቷል አልኩ። ዊንተሩን ሙሉ ከቤት አልወጡም። በዚህ ዘንግማ ሐይቁ ይብቃኝ አሉኝ፤ የቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት፣ አልቀለዱም።

በረዶው ሲቀልጥ፣ በኦቨርታይሜ አዲስ ዘንግ ልግዛልዎት አልኳቸው። ብዙ ተለምነው እሺ ያሉት በአንድ ነገር ነው፤ ውድ ከሆነ አልነካውም፣ ርካሹ ደግሞ ዱላ ነው፣ መካከለኛው ይሁን አሉ።

ቶርንተን ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ በር ራቅ ብዬ ፓርክ አደረግኩ። ዘንጎቹ እንደ ደንገል በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሲያልፉ ጫፋቸው ይርገበገባል። የፈለግነው ለትሉም ለጂጉም የሚሆን ዘንግ ነበር። ወገቡ በጣም ከጠነከረ ቀላሏ ትል ድምፅ የላትም፤ በጣም ከለሰለሰ የጂጉ መንጠቆ የዓሣውን መንጋጋ አይበሳም። ሻጩ፣ ራሱም ሽማግሌ፣ ወገባቸው ጠንከር ጫፋቸው ቀልጠፍ ያሉ ሦስት ዘንጎች አወጣልን። ከዚያ የጥሩ ዘንግ መለያውን አሳየን። አንዱ እጀታውን ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላው ጫፉን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ፣ አፉን ገጥሞ በቀስታ ያንጎራጉራል። የጉሮሮው ንዝረት እጅ ድረስ ከመጣ፣ የዓሣውም ይመጣል። ይሄን ብሎን ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ።

የመጀመሪያውን ጫፍ ጉሮሮዬ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር። አንጎራጎርኩ። ጥሩ ነው አሉ። ሁለተኛውን ሞከርን፤ የተሻለ ነው አሉ። በሦስተኛው እኔ በሐሳብ ሄድኩ። የጣሪያው ማሞቂያ እንደ ንፋስ ይጮኻል፣ ደንገሉ ይወዛወዛል፣ ጋሼ ከዘንጉ ወዲያኛው ጫፍ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣም ሩቅ ባሕር ዳርቻ ላይ የቆሙ መሰሉኝ። ማንጎራጎሬን መቼ እንዳቆምኩ አላውቅም።

«ይሄኛው ነው» አሉ። «ድምፅሽ ክርኔ ድረስ እየመጣ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አይቆይም።

«ጋሼ፣ ድምፅ አላወጣሁም።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ጣቶቻቸውን ከእጀታው ላይ አንድ በአንድ፣ እያዩ፣ አላቀቁ። ከመስከረም ወዲህ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ትተው ዚፕ ያለው ጃኬት ብቻ እንደሚለብሱ ያኔ ትዝ አለኝ። የስኳር በሽታው ነው አሉኝ፤ መደንዘዙ ከጣት ጫፍ ጀምሮ አሁን አንጓቸው ጋ ደርሷል። ለራስሽ ምረጪ፣ እኔ በቃኝ ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

እጅጌያቸውን ያዝኩ። ስለ ጋሪው፣ ስለ አገጬ፣ ጥርሴ ድረስ ስለሚመጣው ንዝረት ነገርኳቸው። እጀታውን አጥንትዎ ላይ ያድርጉት አልኳቸው።

«ሰው ምን ይለናል?»

«ቶርንተን ውስጥ ደግሞ ማን ያውቀናል?»

ግራ ቀኝ አይተው የእጀታውን ቂጥ ከጆሯቸው በታች መንጋጋቸው ላይ ተከሉት። በመጀመሪያው ዘንግ ምንም የለም አሉ። ያንን ያደነቁትን ሦስተኛውንም፣ ይሄ የታፈነ ነው ብለው መለሱልኝ። በሁለተኛው ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግንባራቸው ተፈታ። ከንፈራቸው ትንሽ ተከፈተ፣ እንደተኛ ሰው። እኔ አንጎራጎርኩ፤ እንደ ጭቃ፣ እንደ ጠጠር፣ እንደ ሣር፣ በሆዴ የመጣውን ሁሉ። ከዚያ ሳልነግራቸው ተውኩት።

«አሁን አቆምሽ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ጠበቅኩ። በጣም በቀስታ እንደገና ጀመርኩ።

«መጣሽ።»

ከፈልኩ። ዘንጉን አቅፈው፣ የፕላስቲክ ትሎቹ መደርደሪያ ጋ፣ ጥቁሩ ይሻላል ቀዩ እያሉ ከሻጩ ጋር ክርክር ገጠሙ። ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ መኪናውን በር ላይ ላመጣላቸው ወጣሁ።