ከጠረጴዛ ሥር ጎትቼ ያወጣሁት ኢንጂነር

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ እዚሁ ገንዳ ውሃ ነው። ከተማው ሲስቅበት ስለከረመ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ጻፍኩት። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ባለቤቴ አሁንም እዚያው ትሠራለች፤ እስካሁን ያሳፈርኳት ይበቃታል።

እድሪስ እባላለሁ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ፤ ሚስማር፣ ብሎን፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ፣ ሰንሰለት እሸጣለሁ። ባለቤቴ ሐሊማ ነርስ ናት፤ የምትሠራው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ከተጋባን ጥቂት ዓመታት ሆኖናል፤ ልጅ አላህ ገና አልሰጠንም። ቀናተኛ ነኝ። ይህን እኔም፣ እሷም፣ ጎረቤትም ያውቃል። አባቴ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለ ነው ያሳደገኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ከእሱ ጋር እካፈለዋለሁ።

በዚያ ሰሞን በሌላው የአገራችን ክፍል መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ቤት ተሰነጠቀ እየተባለ ሁላችንም በስልክ እናይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሎች ይጠናከሩ ተባለና ወደ እኛ አንድ ኢንጂነር ተላከ። ያሬድ ይባላል፤ የጎጃም ልጅ ነው። ረጅም፣ ጥርሰ ነጭ፣ እኛ ላብ በላብ ስንሆን ሸሚዙ እንኳ የማይጨማደድ ሰው ነው። ሥራው መሬት ቢንቀጠቀጥ የሆስፒታሉ ዕቃ በሽተኛ ላይ እንዳይወድቅ፣ ውሃና መብራቱም እንዳይቋረጥ ማድረግ ነበር። መደርደሪያውን ከግድግዳ ጋር ያስራል፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩን በሰንሰለት ይይዛል፣ የውሃ ሮቶው የተቀመጠበትን ብረት ያጠናክራል።

እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ። የእኛ አገር ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ግቢው ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ነው የሚያድር። ጣሪያው ቢወድቅ የሚያገኘው ድመት ነው። "እኛን ምን አገባን?" አልኳት ሐሊማን።

"በሽተኛው ግን ውስጥ ነው የሚተኛ" አለችኝ። ይህ የእሷ አነጋገር እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

ያሬድ ብሎንና ሰንሰለት የሚገዛው ከእኔ ነበር። አንድ ዓይነት ወፍራም ብሎን አለ፤ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሲጠብቅ ሲሚንቶውን የሚነክስ። እሱን ከጎንደር በትእዛዝ አስመጣሁለት፤ በከተማው ሌላ የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ገንዘቡን በሥርዓት ይከፍላል፤ በዚህ አላማውም። ያናደደኝ ሌላ ነው። እኔን "እርስዎ" ይለኛል፣ ሐሊማን "አንቺ"። የምበልጠው በጥቂት ዓመት ነው። ሱቄ ውስጥ ቆሞ "እርስዎ ጋ ሰንሰለት ይኖር ይሆን?" ካለኝ በኋላ እሷ ስትገባ "ሐሊማ፣ መጣሽ?" ይላታል። በአንድ ጊዜ እኔን አባቷ አደረገኝ።

ማታ ራት ስንበላም ያሬድ አብሮን ይበላ ጀመር። ያሬድ እንዲህ አለ፣ ያሬድ እንዲያ አሳየን። አንድ ቀን ሱቄን ዞር ዞር ብላ አየችና የቀለም መደርደሪያውን ካላሰርከው ይወድቃል አለችኝ።

"ያሬድ ነው ያለሽ?"

"ያሬድ ባይልም ዓይን አለኝ።"

አላስርም አልኩ። ሌላ ወንድ ባመጣው ብልሃት የገዛ ሱቄን ግድግዳ አልበሳም አልኩ። እውነቱን ለመናገር መደርደሪያው ሲወዛወዝ እኔም አይቼዋለሁ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ ቤት የረሳሁትን ስልኬን ልወስድ ከሱቅ ተመለስኩ። ሐሊማ የለችም፤ ሥራ ላይ ናት። መኝታ ቤት ገባሁና ቆምኩ። ቁም ሳጥናችን ከግድግዳው ጋር በብረት ታስሯል። ብረቱን የያዘው ያ ወፍራም ብሎን ነው፤ በከተማው ለአንድ ሰው ብቻ የሸጥኩት ብሎን። አንሶላው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ፈሷል።

እኛ ቤት እንግዳ ከሳሎን አያልፍም። የአጎቴ ልጅ እንኳ ውሃ ሲጠማው ሳሎን ተቀምጦ ነው የሚጠይቀው። ሌላ ወንድ መኝታ ቤቴ ገብቶ፣ መሰርሰሪያ ይዞ፣ አልጋዬ ላይ ብናኙን አራግፎ ሄደ ማለት ነው። ስልኬን እዚያው ድጋሚ ረስቼ ወጣሁ።

ባጃጅ ይዤ ሆስፒታሉ በር ደረስኩ። ዘበኛው ጋሽ አምባው የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አንቱ እንላቸዋለን። "እድሪስ፣ ቆይ፣ አሁን አይገባም" አሉኝ።

"ምን እየተሠራ ነው የማይገባው?"

"ቆይ አልኩህ እኮ፣ ትንሽ ነው፣ አሁን ያልቃል።"

ዘበኛውም ያውቃል ማለት ነው አልኩ በሆዴ። አንቱታውም ቀረ፣ ገፍትሬያቸው ገባሁ። አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል፤ ያን ዕለት አይጧ እኔ ነበርኩ።

ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ሰው የለም። ሌላ ጊዜ በወባ የተያዘ የቀን ሠራተኛ የሚሞላበት ቦታ ነው። የነርሶቹ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ገባሁ። የቆመ ሰው የለም፤ የተቀመጠም የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ በትልቁ ጠረጴዛ ሥር የሐሊማ ነጭ ጫማ አለ። ከጫማዋ አጠገብ ደግሞ ረጅም የወንድ እግር።

እግሩን ይዤ ጎተትኩት። ከባድ ነበር፤ የጠረጴዛውን እግር አንቆ ይዟል። "ውጣ" እያልኩ እጎትታለሁ፣ እሱ "እርስዎ፣ ገና አላለቀም፣ ገና አላለቀም" ይላል። እንዲህ ያለ ድፍረት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

"መኝታ ቤቴ ምን ልታደርግ ገባህ?" ብዬ ጮህኩ።

ያኔ ከየቦታው ጭንቅላት ይወጣ ጀመር። ከጥግ ካለው ጠረጴዛ ሥር ዶክተሩ ወጣ። ከአልጋ ሥር የጽዳት ሠራተኛዋ ወጣች። ከበሩ ኋላ፣ ሥራውን ሊያዩ ከጎንደር የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ አንደኛው በስልኩ እየቀረጸ ነው። ፊሽካ ተነፍቶ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ ሰው እንዴት ከጠረጴዛ ሥር እንደሚገባ ልምምድ ላይ ነበሩ። ሆስፒታሉ በሙሉ።

ሐሊማ በመጨረሻ ወጣች። ጋዋኗን አራገፈች። መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ውሃ ቋጥሯል። "ግድግዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ" አለች። ያሬድ የተረፈውን ብሎን ለሠራተኞቹ አድሎ፣ ቤታችሁንም እሰሩ ብሏቸው ኖሯል። መሰርሰሪያውን ተውሳ፣ ያን ዕለት ጠዋት ሥራ ሳትገባ፣ እኔ ሱቅ እያለሁ ብቻዋን አሰረችው። ማታ ልታሳየኝ ነበር።

ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። የባጃጅ ሾፌሮች ሱቄ በር ላይ ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር ያያሉ። ከመተማ ዮሐንስ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ በሱዳኖቹ አነጋገር "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዛሬስ ማን አለ ከሥር?" እያሉ ያልፋሉ። ይህን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የሐሊማን ዝምታ ነው። ምግብ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ አንድ ቀን ሻንጣዋን አወጣችና "አብደራፊ ከተማ ያለው ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። ከማያምነኝ ሰው ጋር አልኖርም" አለች።

የገፈተርኳቸውን ጋሽ አምባውን እግራቸው ላይ ወድቄ ሽማግሌ ሁኑኝ አልኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ግቢያችን ውስጥ ከዛፉ ጥላ ተቀመጥን። ሐሊማ ቀዩን የከርከዴ መጠጥ ቀዳችላቸው። ሻንጣዋ በሩ ላይ ነው፤ መነኻሪያ ልትሄድ ለብሳለች።

"አንተም ይቅርታ ትላለህ፣ አንቺም ትሰሚያለሽ" አሉ ጋሽ አምባው። "ነገሩ የመሰርሰሪያ ነገር ነው፤ ትዳር የሚፈርስበት አይደለም።"

"ይቅርታ እላለሁ" አልኩ። "ግን ያሬድም 'አንቺ' ብሎ አይጥራት።"

ጋሽ አምባው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ የሳቁ ይመስለኛል። ሐሊማ አልሳቀችም። ተነሥታ ሻንጣዋን አነሣች። አፌን ምን እንደሚያከንፈው እኔም አላውቅም። ሄደች በቃ አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ የተጫነ ተሳቢ በአጠገባችን ያለፈ መሰለኝ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ከርከዴ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ወንበሬ ከሥሬ ሸሸ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ጋሽ አምባው "ማርያም፣ ማርያም" አሉ። እኔ እጄን ወደ ሐሊማ ዘረጋሁ። ከእኔ አንድ ክንድ አትርቅም ነበር። ሻንጣውን ለቀቀችው፣ ተሻገረችው፣ በእጄ ሥር አለፈችና በሩን ከፍታ ሮጠች። አላየችኝም። ጫማዋ እዚያው ቀረ።

ተከተልኳት። ለደግነት እንዳይመስላችሁ። ሞት የመጣ ሲመስላት ወደ ማን እንደምትሮጥ ለማየት ነበር። ወደ ያሬድ ነው አልኩ፤ ዛሬ በዓይኔ አየዋለሁ አልኩ። በሱቄ በር ሳልፍ ጎረቤቶቼ "እድሪስ፣ ሱቅህ፣ ሱቅህ" ይላሉ። መደርደሪያው ወድቆ ቀለሙ አስፋልቱ ላይ ይፈስሳል። አልቆምኩም።

መንቀጥቀጡ አጭር ነበር፤ ሆስፒታሉ ስንደርስ ምድሪቱ ጸጥ ብላለች። መራመድ የሚችል በሽተኛ ሁሉ ሜዳው ላይ ወጥቷል። ያሬድ መሀል ቆሞ ሰው ያሰባስባል። ሐሊማ በቀጥታ ወደ እሱ ስትሮጥ አየሁ። እጁን ዘረጋ፣ ልክ እኔ እንደዘረጋሁት። "ሐሊማ፣ አትግቢ፣ ሊደገም ይችላል" አለ። በእሱም እጅ ሥር አለፈች። እሱንም አላየችውም።

ሁለታችን ተያየን። "እንዲህ አድርጌ አላስተማርኳትም" አለኝ። ከመጣ ጀምሮ የልቤን የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተያይዘን ገባን።

የጨቅላ ክፍሉ ውስጥ ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ናት። ከሕፃናቱ አልጋ በላይ የቆመው ትልቁ የብረት ቁም ሳጥን በሩ ተበርግዶ፣ መድኃኒቱ መሬት ተበትኖ፣ እሱ ግን ከግድግዳው አልተላቀቀም። ሲሊንደሮቹ ሰንሰለታቸውን ወጥረው ቆመዋል። ወድቀው ቢሆን የሚያርፉት የት እንደሆነ አየሁ። ሐሊማ አንዱን ሕፃን አንሥታ ደረቴ ላይ አኖረችው። "አንገቱን ደግፍ" አለችኝ። ከስንት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ለያሬድም አንድ ሰጠችው። ይዘን ወጣን፤ ተመልሰን ገባን። ማንም አልተጎዳም። እኔ የያዝኩት ለአጨዳ ከወሎ የመጣች የቀን ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ እናቱ እስክትቀበለኝ ድረስ ሸሚዜን ጨብጦ አልለቅም አለ።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ሐሊማ የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር፤ እኔ በባዶ እግሬ። ሻንጣዋን ራሷ ወደ ውስጥ አስገባችው። እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

"ሐሊማ፣ እኔ አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽኝም።"

የማታውቀውን ቋንቋ የተናገርኩ ይመስል ትክ ብላ አየችኝ።

"አንተ እኮ እግር አለህ" አለች።

ያሬድ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄዷል። የሱቄን መደርደሪያ በራሴ እጅ አሰርኩት። በያሬድ መቅናቱ ለቆኛል፤ በእሱም እጅ ሥር ስታልፍ ካየሁ ወዲህ እንደ ወንድም ነው የማየው። ቅናቱ ግን አልሞተም። ጠዋት ጋዋኗን ይዛ፣ ሻይዋን ሳትጨርስ፣ ወደዚያ ክፍል ስትፈጥን ከኋላዋ ሳያት ያው ነገር ያቃጥለኛል። ወንድ ቢሆን በሩ ላይ ሄጄ እጣላው ነበር። ገና ስም እንኳ ካልወጣላቸው ሰዎች ጋር ግን ምን ብዬ ልጣላ?