ትንፋሽ ይቅደም

ያሳደጉኝ አክስቴ በጡት ካንሰር ሲታከሙ፣ መድኃኒት የሚወስዱበት ቀን በቀረበ ቁጥር ፍርሃት ያንቀጠቅጣቸው ነበር። «ይቅርብኝ፣ እቤቴ ልሙት» እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ይህን ያየች ልጄ ከአንዲት ነርስ የተማረችውን ዮጋ አሳየቻቸው። ሰሌን ላይ ተቀምጦ፣ እጅን በዝግታ እያነሱ ትንፋሽን ማዳመጥ ነው።

«እቴቴ፣ ባዕድ አምልኮ እንዳይሆንብዎ» አልኳቸው።

«የንስሐ አባቴ እስክትድኚ አትስገጂ አሉኝ። አንተ ደግሞ አትተንፍሺ ልትለኝ ነው?» አሉና መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሱት። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ በዚያ ጎን ያለው እጃቸው ከትከሻ በላይ ሲወጣ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለሕክምና ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ከሰቆጣ ለሚነሳው አውቶቡስ ስናጣድፋቸው «ትንፋሽ ይቅደም» ይሉን ነበር። ሕክምናቸውን ጨረሱ። ያረፉትም ከዓመታት በኋላ፣ በዕድሜ ገፍተው፣ በሰላም ነው።

ዮጋ የሚለውን ስም ዛሬም አልወደውም። ነገር ግን ሰው ከመፍራቱም ከመቆጣቱም በፊት ራሱን መግዛት አለበት፤ ይህን እሳቸው በተግባር አሳይተውናል።

ሰሌናቸው መስኮቱ ሥር እንደተዘረጋ ነው፤ ካረፉ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም ነበር። ትናንት ልጄ አምሽታ ስትገባ ልቆጣት ተነሣሁ።

«አባዬ፣ ትንፋሽ ይቅደም» አለችኝ።

ሄጄ ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ።