ከጀርባ ስር የተገኘች ክብሪት

ከመስኮቱ ጥግ ባለው አልጋ አጠገብ የሚቀመጡት ሽማግሌ ስልኬን አያምኑትም። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በሽተኛ ሚስታቸውን ትተው እኔን ነርሷን ይጠብቃሉ። ስልኩ በየሁለት ሰዓቱ ይጮኻል፤ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው ሴትዮዋን አገላብጬ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ባለው የሆስፒታሉ መተግበሪያ 'ተገላብጠዋል' የሚለውን አረንጓዴ ምልክት መንካት አለብኝ። በነካሁ ቁጥር ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ዛሬ አንሶላ ሳስተካክል ከሴትዮዋ ጀርባ ስር የክብሪት እንጨት አገኘሁ።

"አባቴ፣ ይቺ ራሷ እኮ ታቆስላቸዋለች።"

ደነገጡ። እንጨቷን ከእጄ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። "ሻይ ልጠጣ ስወጣ ነው የማስቀምጣት። ሚስቴን ካገላበጥሻት እንጨቷ ቦታዋ ላይ አትገኝም ብዬ ነው" አሉ።

"ስልኩ ይመዘግብ የለ?"

"መመዝገቡንማ ይመዘግባል። እኔም የመጋዘን ዘበኛ ሳለሁ፣ በሩን ሳላይ 'ሰላም ነው' ብዬ ስንት ሌሊት ፈርሜያለሁ።"

"ከዚያስ?"

ቁስል እንዳለ የሚስታቸውን ተረከዝ ገልጠው ያዩ ጀመር። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። ጣቴ እንደ ልማዱ፣ ሴትዮዋን ሳላገላብጥ፣ ቀድሞ አረንጓዴውን ነካ። ቀና ስል፣ ሽማግሌው እያዩኝ ነበር።