ጉና ላይ የጾምኩት ጾም

ጋፋት ብረት ከሚያቀልጡት ፈረንጆች አንዱ ጎረቤቴ ነበር። አንድ ቀን ጉና ተራራ ላይ ውሰዱኝ ብሎ ለመነኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ተማሪ ሲጮህብኝ የምውል የቅኔ መምህር ነኝ፤ ጉልበቴም ደክሟል።

«እዚያ ምን አለህ?» አልኩት።

«ምንም። ላየው ብቻ ነው።»

ተራራ ለማየት ብቻ ተራራ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለት ቢኖርበት ነው፣ ስለቱን ለሰው መናገር አልፈለገም ብዬ እሺ አልኩት። አብሬው ልጹምለት ብዬም ስንቅ ሳልይዝ ወጣሁ።

ከተራራው ግርጌ ገሳይ አድረን ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ጀመርነው። ነፋሱ ጋቢዬን ሊገፍፈኝ ይታገላል። በጅባራው ተክል መሀል እየወደቅሁ እየተነሳሁ ፈረንጁን በልቤ እረግመዋለሁ፤ መልሼ ደግሞ የሰው ስለት ነው እያልኩ ራሴን እቆጣለሁ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ጥምጣሜን አስተካክዬ ጸሎት እስኪጀምር ቆሜ ጠበቅሁ። እሱ ግን እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠና ዳቦውን ይገምጥ ጀመር።

«ቅመሱ እንጂ» አለኝ።

«ጸሎቱስ?»

«የምን ጸሎት?»

«ታዲያ ለምን መጣን?»

«ለማረፍ» አለኝ፣ አፉን ዳቦ እንደሞላው።

ስንወርድ ሳነክስ ያየኝ አንድ ገበሬ፣ «የኔታ፣ ስለት ኖሮብዎ ነው? ሰመረልዎ?» ሲል ጠየቀኝ። ፈረንጁ እያፏጨ ቀድሞኛል።

«የሱ ሰምሯል» አልኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የኔ ስለት ቤቴ መግባት ብቻ ነበር።