የግድግዳችን ሞተር

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬም አሶሳ ቤቴ ደጃፍ ሞተር ብስክሌት ተንደቅድቆ ሲቆምና የቤንዚኑ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ሲመጣብኝ፣ ያ የሰፈራ መንደራችን ክረምት ከነጭቃው ይመለስብኛል።

ከወሎ መጥተን ከሰፈርን ብዙም አልቆየንም ነበር። ታናሽ እህቴ ዘምዘም ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በሕፃንነቷ ታማ እግሮቿ ስለሰለሉ አትራመድም፣ አባቴም በየማለዳው አዝሎ፣ ወንዙን አሻግሮ፣ ትምህርት ቤት አድርሷት ወደ እርሻው ይመለስ ነበር። በዚያ ክረምት ወገቡን ታመመ። የእርሻው ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ፣ ከመንጋቱ በፊት እወጣ ጀመር። አንድ ቀን አባቴ፣ እሷ እየሰማች፣ መስከረም ሲጠባ ዘምዘም ቤት ትቀመጣለች አለ። አላለቀሰችም፤ ደብተሯን ከመኝታዋ ሥር ከተተችው። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

በመንደራችን ሞተር የነበረው የወባ መድኃኒት የሚረጨው ጋሼ ግርማ ብቻ ነው። ማለዳ ማለዳ በትምህርት ቤቱ በኩል ያልፍ ነበር፤ ግን ከኋላው የመድኃኒት ሣጥኑን ስለሚጭን የሰው ቦታ የለውም። ከምድጃ ከሰል አንስቼ የቤታችን ግድግዳ ላይ ሞተሩን ሳልኩት፣ በጎኑም የቀርከሃ ወንበር አንጠለጠልኩበት። ፊደል መሠረተ ትምህርት ላይ ትንሽ ነው የለቀምኩት፣ ስሜን ስጽፍ እንኳ ያልበኝ ነበር፤ ከሰሉ ግን ይታዘዝልኝ ነበር።

አባቴ አይቶ፣ «ይሄ ሞተር ነው ወይስ ያረገዘች አህያ?» አለ። አጥፍቼ ሳልኩ፤ ሲስቅብኝ ደግሜ አጥፍቼ ሳልኩ።

ዝናቡ ሲቀንስ ጋሼ ግርማ ቤታችንን ሊረጭ መጣና መርጫውን እንደያዘ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ምን እንደሆነ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም፣ ያ ደግሞ ከሳቅ የባሰ ነበር። «እህትህን በዚህ በኩል ሰቅዬ መታጠፊያው ላይ ስደርስ፣ ሁለታችንም ገደል ውስጥ ነን» አለኝ።

የአገሩ ተወላጅ የሆነችው በርታዋ ጎረቤታችን ሐሊማ ከገበያ ስትመለስ ደጃችን ቆማ ትሰማ ኖሯል። የአገሩ ሴቶች ሸክም የሚይዙት ትከሻ ላይ በተጋደመ እንጨት ነው፤ በሁለቱ ጫፎቹ ቅርጫት ይንጠለጠላል። ሐሊማ አንዱን ቅርጫት አወረደች፣ እንጨቱ ዘነበለ፤ መልሳ ሰቀለችው፣ ቀና አለ።

«አንድ ጎን ከባድ፣ አንድ ጎን ባዶ፣ ይወድቃል» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። ቀጥላም ጋሼ ግርማን፣ «ይሄ ሣጥን ለምን ኋላ ተኛ? እሱ በዚህ፣ ልጅ በዚያ» አለችው።

ጋሼ ግርማ ሣጥኑን አነሳ፣ አስቀመጠው፤ ዘምዘምን ብድግ አደረጋት።

«ልጅቷ ትቀላለች» አለ።

«እስኪወፍር ድንጋይ ጨምር» አለች ሐሊማ፤ ዘምዘም ሳቀች፣ ስትስቅ ከሰማኋት ከርሜ ነበር።

ጋሼ ግርማ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወንበሩን ሠርተህ አምጣ። መጀመሪያ የምጭነው አንተን ነው፤ መውደቅ ካለ ከአንተ ጋር እንውደቅ» አለኝና ግድግዳውን ሁሉ ሲረጭ ሥዕሉ ያለበትን ዘለለው። አባቴ ወገቡን ይዞ ተነስቶ ገጀራውን ይስል ጀመር።

ዛሬ አሶሳን ባጃጅ ሞልቷታል። ዘምዘም መምህርት ናት፤ እጇን ዘርግታ ታስቆማለች፣ ካደገች በኋላ የለመደችውን ክራንች ይዛ ትገባለች፣ ማንንም አትለምንም። ደስ ይለኛል። ያኔ ለአንዲት ወንበር ስንት ሰው ግድግዳ ፊት ቆሞ ይከራከር ነበር፤ እሷም ሁለት ዓመት በዚያች ወንበር ተመላልሳ ተማረች። አሁን ጎረቤቴ በምን እንደሚሄድ እንኳ አልጠይቅም፣ እሱም አይጠይቀኝም።

ያኔ ጋሼ ግርማ ወንበሩን ሠርተህ አምጣ ባለኝ ማግስት ጠዋት ወንዝ ወርጄ፣ አባቴ በሳለው ገጀራ ቀርከሃ ቆርጬ ተሸከምኩ፤ ስመለስም ከወንዙ ዳር ለዘምዘም ክብደት የሚሆኑ ሁለት ድንጋዮች መርጬ ይዤ መጣሁ።