ፈረሱ የደነገጠ ዕለት

እዚህ እንግሊዝ አገር የሰፈራችን መናፈሻ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር በፈረስ የሚጎተቱ ሠረገላዎች በኬኒንግተን መንገዶች ያልፋሉ ብላ ልጄ ስትነግረኝ፣ አባቷ ከቤት ከወጣ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የጥንት ልብስ ለብሰው ከሚሳፈሩት የትምህርት ቤቷ ልጆች አንዷ ሆና ተመርጣለች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወጥ ቤት ገባችና፣ "ማሚ፣ ሪል ፈረስ ነው! ሁለታችሁም ትመጣላችሁ አይደል?" አለችኝ። "ሁለታችሁም" ስትል ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ለዓመታት እሱ ሲገባ እኔ እየወጣሁ፣ እኔ ስገባ እሱ እየወጣ ኖረናል። ስድብ የለ፣ ዱላ የለ። አንድ እሑድ ሁለታችንም ዕረፍት ሆነን፣ ከቸርች መልስ ምሳ ቀርቦ እስኪነሳ ድረስ ከልጃችን በቀር ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። "እንዲህ መኖር አልቻልኩም" ያልኩት እኔ ነኝ። አልተከራከረኝም። ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሌላ ሰፈር፣ ጓደኛው ዘንድ ክፍል ተጋርቶ ገባ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ልጁን ይወስዳል።

በበዓሉ ቀን ከእኛ ቀድሞ ደርሶ አገኘነው። ጸጉሩን ተስተካክሏል፤ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ሠረገላዎቹ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር ወደ እኛ በሚመጣው ጎዳና ዳር ተሰልፈዋል። የልጄን ሠረገላ የሚጎትተው ቡናማ ፈረስ የሚያስፈራ ቁመት አለው፤ ኮቴው ላይ ነጭ ጸጉር ተደፍቶበታል። ነጂዋ ጠና ያለች እንግሊዛዊት ናት። ልጆቹን አንድ በአንድ እየደገፈች በረጃጅም አግዳሚዎች ላይ አስቀመጠቻቸው። ልጄ ነጭ ሽርጧን እያስተካከለች ዳር ላይ ተቀመጠችና፣ እኔን አንዴ፣ አባቷን አንዴ እያየች እጇን አውለበለበች።

"እኔ ከጎኗ እየሄድኩ ፎቶ አነሳታለሁ" አለኝ።

"ደግ" አልኩት። የዚያን ቀን ጠዋት የተነጋገርነው ይኸው ነበር።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሕዝቡ በግራ በቀኝ ያጨበጭባል፤ አውቶቡሶች ቆመው ያሳልፋሉ። እኔ ከኋላ ከወላጆቹ ጋር እከተላለሁ። የመናፈሻው በር ላይ ሰዎች በፊኛ ትልቅ ቅስት ሠርተው ነበር። የልጄ ሠረገላ በሩ ጋ ሲደርስ ነፋሱ ቅስቱን ከአጥሩ ሾጣጣ ብረት ጋር አላተመውና ፊኛዎቹ በተከታታይ ፈነዱ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ። ነጂዋ ዛቡን በሙሉ ክብደቷ ሳበችው፤ እሱ ግን ወደ ጎን ዘሎ ሠረገላውን እግረኛ መንገዱ ላይ አወጣው። አንዱ ጎማ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አለና ሠረገላው ዘመመ። ልጆቹ ጮኹ። የእኔ ልጅ ከአግዳሚው ላይ ስትንሸራተት አየሁ። 

አባቷ ስልኩን ጥሎ ሮጠ። በአየር ላይ ቀለባት። ወደ እኛ ገፍቶ ሲለቃት ሚዛኑን ስቶ ወደቀ፤ ጎማው ተመልሶ ሲወርድ ያረፈው እግሩ ላይ ነው። ሰዎች ተረባርበው ፈረሱን ያዙ። ከልጆቹ ማንም አልተጎዳም። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ዳዲ! ዳዲ!" ትላለች። እሱ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ "ደህና ናት? ደህና ናት ወይ?" እያለ ይጠይቀኛል።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ፣ "ባለቤቱ ነሽ?" አለችኝ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

"አዎ" አልኩ።

እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብረት ገባለት። የጓደኛው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። የእኛ ምድር ቤት ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ እኛ ቤት መጣ። ሌላ ምን ይደረግ ነበር? ሳሎን ውስጥ ሶፋውን ዘርግቼ አነጠፍኩለት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱን ሰው አጣበበው። የቸርቻችን ሽማግሌ ሊጠይቁት መጥተው ከጸለዩ በኋላ በሩ ላይ ስሸኛቸው፣ "ልጄ፣ እግዚአብሔር በስብራቱ በኩል ቤታችሁን ሊጠግን ነው። አንቺም አደራ" አሉኝ።

"አሜን፣ ጋሼ። ይጸልዩልን" አልኳቸው። ግን ያኔ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። እኔም እንደሳቸው ማመን ጀምሬ ነበር። መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ፣ ገላውን አጥበዋለሁ፣ "አመመህ?" እለዋለሁ፤ ይመልስልኛል። በዓመታት ያላወራነውን ያህል አወራን።

አንድ ምሽት ልጄን ላስተኛት ስገባ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ "ማሚ፣ አንድ ነገር ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ?" አለችኝ።

"አልቆጣም።"

"ፈረሱ በመደንገጡ ደስ ብሎኛል።"

 ግንባሯን ስሜ መብራቱን አጠፋሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሳምንታት አለፉ። ሕመሙ ቀነሰ፤ መድኃኒቱም ቀረ። ከመድኃኒቱ ጋር ወሬያችንም ቀረ። እሱ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ያው የድሮው ዝምታ እንደ ቤቱ ባለቤት ተመልሶ መሃላችን ተቀመጠ። አንድ ቀን ልጃችን ትምህርት ቤት ሳለች ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ፣ ያለ ክራንች ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ሻይ ሲያፈላ አገኘሁት።

"እግርህ ተሻለህ እንዴ?"

"ከተሻለኝ ቆየ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

የሻዩን ውሃ እያየ፣ "ልጃችን ቀኑን እየቆጠረች ነው" አለኝ። "ክራንቹን የጣልኩ ቀን እንደምሄድ ታውቃለች።"

"ትሄዳለህ?"

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

ሁለታችንም መልሱን እናውቀው ነበር። አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ። ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

እንደሚሄድ ለልጃችን አብረን ነገርናት። አላለቀሰችም። "እንደገና ቢሰበርስ?" ብላ ብቻ ጠየቀች። አባቷ፣ "አይሰበርም፣ የኔ ቆንጆ፤ ብረት አለው እኮ" ብሎ ሳቀላት። ጥያቄዋ ስለ እሱ እግር መስሎት ነው። እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። ከዚያ ራሷን። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ምንም የለባትም ተባልኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ ከትምህርት ቤት ተደወለ፤ ከግቢው አጥር ላይ ወድቃ እጇን ተጎድታለች። ለአባቷ ደወልኩና ሆስፒታል ተገናኘን። የእጇ አንጓ ተሰንጥቆ ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጣ ሁለታችንንም ጎን ለጎን ስታየን ፊቷ በራ። 

"እንዴት ወደቅሽ?" አላት አባቷ።

"ዘለልኩ።"

"ማን ገፋሽ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ።" ቀጥላም ቀስ ብላ፣ "አሁን ቤት ትመጣለህ?" አለችው።

አባቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ዓይኔን እንድታየው አልፈለግኩም። እሱ ደህናውን እጇን ያዘ። ደግሞ ዝም አለ ብዬ ልጮህበት ስል ተናገረ።

"ስሚኝ። እኔ እንድመጣ አንቺ መሰበር የለብሽም። እኔም መሰበር የለብኝም። ቤት ለመኖር አልመጣም። ማሚ ስላባረረችኝ አይደለም፤ እኔና እሷ አብረን መኖር አልሆነልንም። ግን ነገ ትምህርት ቤት በር ላይ ታገኚኛለሽ። ጤነኛ ብትሆኚም።"

"ፕሮሚስ?"

"ፕሮሚስ።"

በማግስቱ ሄደ። ፈረቃውን አስቀይሮ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰቨን ሲስተርስ በባቡር እየመጣ ከትምህርት ቤት ያወጣት ጀመር። እኛ ቤት ይዟት ገብቶ የቤት ሥራ ያሠራታል፣ ራቷን ያበላታል፤ እኔ ስገባ ኮቱን ይለብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጄ እሱ ከመምጣቱ በፊት ከክፍሏ መስኮት በሩን ሃያ ጊዜ ታይ እንደነበር አስተማሪዋ ነግራኛለች። ሆድ ሕመሙ ወዲያው አልተዋትም። ዛሬም አልፎ አልፎ ይመለስባታል፤ ያኔ ሁለታችንም እንደነግጣለን። ደረጃ ላይ ስትሮጥ፣ ብስክሌት ስትነዳ፣ ዛፍ ላይ ስትወጣ፣ እንደ ማንኛዋም ልጅ እየተጫወተች ይሁን ወይስ እያሰበችበት ብዬ እንዳላያት ራሴን መከልከል አልቻልኩም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ሦስታችንም በመናፈሻው ስናልፍ ከአንድ ግንብ ላይ ወጥታ ቆመች። እኔ ቆምኩ። እሱም ቆመ። አየችን፤ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች፣ በሁለት እጇ ጠርዙን ይዛ፣ በእግሯ የምትረግጥበትን እየፈለገች ቀስ ብላ ወረደች።